የእድሩ ባቄላና ሽምብራ

ወይዘሮ ጸሐይወርቅ በካናዳ፣ ቶሮንቶ፣ ፓርክዴል በሚባል ሰፈር ቤተ መጻሕፍት ሲያጸዱ ሃያ ሁለት ዓመት ሠሩ። በእረፍት ሰዓታቸው ካነበቡት ሁሉ ልባቸውን የወሰደው ስለ ድሮ የጣሊያን ከተሞች የሚያወራ ወፍራም መጽሐፍ ነው። የእነዚያ ከተሞች ነጋዴዎችና ሸማኔዎች ያለ ንጉሥ ራሳቸውን ሲያስተዳድሩ፣ ነገር ሲከብዳቸው ጥቁርና ነጭ ባቄላ ከረጢት ውስጥ እየጣሉ ይቆጥሩ ነበር። የበዛው ይጸናል፤ የተሸነፈውም ሳያኮርፍ አብሮ ይኖራል።

የእሳቸው እድር ከቤታቸው ብዙም ሳይርቅ ብሉር ጎዳና አጠገብ ባለች አዳራሽ በየወሩ ሲሰበሰብ ድምፅ የሚሰጠው በእጅ ነበር። በእጅ ይባል እንጂ እጁስ የአንድ ሰው ነው፤ የእድሩ ዳኛ የጋሽ ሳህሉ። እሳቸው ካነሱ አርባ አምስቱም አባል ያነሳል። ሽማግሌ እያየው ማን ደፍሮ እጁን ያወርዳል?

አምና ወጣቶቹ ስብሰባው ከከተማው ዳር ወዳለው ወደ ሬክስዴል ይዛወር አሉ፤ አብዛኛው ቤተሰብ እዚያ ገብቷል። ወይዘሮ ጸሐይወርቅ ጉልበታቸውን ያማቸዋል። ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ደግሞ ሰው የሚያገኙት በዚህ እድር ብቻ ነው። ጋሽ ሳህሉ አዝነውላቸው «አይዛወርም» ብለው እጃቸውን ሊያነሱ ሲሉ፣ ወይዘሮ ጸሐይወርቅ ብድግ አሉ።

«ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ትንሽ ይቆዩ።» ከቦርሳቸው የጨርቅ ከረጢት፣ ባቄላና ሽምብራ አወጡ። «መዛወር የሚፈልግ ባቄላ፣ የማይፈልግ ሽምብራ ይጣል። ማንም የማንንም አያይም።»

«አንቺ ሴት፣ ላንቺው ብዬ እኮ ነው!»

«አውቃለሁ ጋሼ። እሱ ነው የከበደኝ።»

ሲቆጠር ሃያ ሦስት ባቄላ፣ ሃያ ሁለት ሽምብራ ሆነ። ከወጣቶቹ የመዛወሩን ሐሳብ ያመጣው ኢዮብ ራሱ ደነገጠ። «እትዬ፣ ካንሰል እናድርገው፣ ሪሊ፣ ኖ ፕሮብሌም» አላቸው።

«ተቆጠረ እኮ ልጄ! ምኑ ይሰረዛል?»

ቤታቸው ገብተው ግን አልቅሰዋል፤ አይደብቁትም።

በሚቀጥለው ወር ሁለት አውቶቡስ ቀያይረው፣ ጉልበታቸውን እያሹ፣ ሬክስዴል ከሁሉም ቀድመው ደረሱ። የዚያን ዕለት ጋሽ ሳህሉ «እኔ ደክሞኛል፤ ከእንግዲህ ዳኛችን ጸሐይ ትሁን» አሉ። አዳራሹ በጭብጨባና በእልልታ ተናጋ።

«በቃ፣ አለቀ!» አሉ ጋሽ ሳህሉ።

«ታዲያ ይሄ ከረጢት ምን ሊሠራ መጣ? ትሁን የሚል ባቄላ፣ አትሁን የሚል ሽምብራ ይጣል» አሉ ወይዘሮ ጸሐይወርቅ። እሳቸው ሳይጥሉ ሌላው ሁሉ ጣለ። አርባ ሦስት ባቄላ ወጣ፤ አንዲት ሽምብራም ወጣች።

ጋሽ ሳህሉ ደማቸው ፈላ። «ማነው ይሄ? ማነው እሱ?» እያሉ ሰውን ሁሉ በዓይናቸው በረበሩ።

«ተዉ ጋሼ! እንዳይጠይቁ!» አሉ አዲሷ ዳኛ። ሽምብራዋን አንስተው በመሐረባቸው ቋጠሩና ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱ። እንዲህ ደስ ሲላቸው ማንም አይቷቸው አያውቅም። በዚህ እድር ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ ሰው ብቻውን እምቢ ብሎ፣ ምሳውን ከሁሉ ጋር በልቶ፣ በሰላም ቤቱ ገባ።