ያልተጠየቀው እንግዳ

በፔሻዋር፣ በተረት ነጋሪዎች ገበያ ሻይ ቤት ያለው ሰው ሻይ ቅጠል ሊያጥረው ይችላል እንጂ ወሬ አያጥረውም። በአያቴ ጊዜ ከቡኻራ ሐር፣ ከካቡል ዘቢብና ለውዝ የጫኑ ነጋዴዎች የካይበርን ማለፊያ ወርደው መጀመሪያ የሚገቡት እዚህ ነበር፤ ግመሎቻቸውን ሳያራግፉ ወሬያቸውን ያራግፋሉ። የማን ልጅ እንዳገባ፣ የማን ከብት እንደተዘረፈ፣ ማን እንደሞተ፣ ሁሉም በዚህ ከተማ በኩል ያልፋል። ዛሬ በግመሉ ፈንታ በቀለም ያሸበረቀ የጭነት መኪና ቢመጣም ወሬው የሚገባው በዚያው በር ነው።

ላላ ሸምሮዝ የሙጥኝ ብሎ የያዘውም ይህንን ነበር። ላላ የምንለው ታላቅ ወንድማችንን ነው፤ ለእኔም እንደዚያ ነበር። ከሻይ ቤቴ ደጃፍ ተቀምጦ የተሰበረ የሸክላ ማንቆርቆሪያ ይጠግናል። ስብራቱን ይገጥማል፣ በመሰርሰሪያው ጥቃቅን ቀዳዳ ይበሳል፣ ከዚያ በነሐስ ሽቦ ይሰፋዋል። ሻይ ቢሞሉበት ጠብ አይልም። ዘርጉን የሚባል አንድ ልጅ ነበረው። ሙያውን አስተማረውና ከገዛ አባቱ የወረሰውን መሰርሰሪያ ሰጠው። ብዙም ሳይቆይ ሰዉ ሁሉ ፔርሙስ ገዛና ሥራው ቀዘቀዘ። ዘርጉንም "ማዶ አሁንም በሸክላ ነው የሚጠጣው" ብሎ ማለፊያውን ተሻግሮ ከካቡልም ወዲያ ወደ ማዛር ከተማ ሄደ። መጀመሪያ መጀመሪያ በሾፌሮች በኩል ሰላምታ ይልክ ነበር። ከዚያ ጦርነቱ መጣ፣ ሰላምታውም ቀረ።

"እዚህ ከተማ የማይደርስ ወሬ የለም" ይለኝ ነበር ላላ። "የልጄም ወሬ ይደርሳል፤ መንገድ ላይ ነው።"

"መንገድ ላይ ሸምግሎ ይሆናላ!" እለዋለሁ።

ይስቃል። ያኔ ይስቅ ነበር።

አንድ የመኸር ቀን፣ ላላ ለሶላት መስጊድ እንደሄደ፣ አቧራ የለበሰ ወጣት ሻይ ቤቴ ገባ። ብብቱ ሥር ትንሽ ጥቅል ይዟል።

"ማንቆርቆሪያ ጠጋኙ ሸምሮዝ የት ናቸው?" አለኝ።

"አሁን ይመጣል። አንተ ከየት ነህ?"

"ከማዶ።"

"ማዶ ሰፊ ነው። ምን ይዘህ መጣህ?"

"ለእሳቸው ነው የምናገረው፣ ሲጠይቁኝ።"

ላላ ከመስጊድ ተመልሶ ከማዶ የመጣ እንግዳ እንደሚጠብቀው ሲሰማ ፊቱ በራ። ወጣቱን አቅፎ ሳመውና ስሙን ብቻ ጠየቀው። ቱርያለይ አለው። "በል ተነስ፣ ቤት እያለን ገበያ አትቀመጥም!" ብሎ እጁን ያዘው። እኔ እጅጌውን ጎተትኩት።

"ላላ፣ ይህ ልጅ የሚነግርህ ነገር አለ። እዚሁ ጠይቀው።"

"አንተ የከተማ ሰው፣ መቼም አፍህ አያርፍም! እኛ ዘንድ እንግዳ ለምን መጣህ አይባልም። ይበላል፣ ይጠጣል፣ ያርፋል። ሲፈልግ ራሱ ይናገራል።"

"ካልፈለገስ?"

"እንግዲያው አልፈለገማ!"

ግትር ነው። በዚህ ግትርነቱ ስንት ጊዜ እንደተጣላን አላህ ያውቃል። እንግዳውን ይዞ ሄደ፤ እኔም በንዴት ብርጭቆ ማጠብ ጀመርኩ።

የቀረውን የነገረችኝ ሚስቱ ብሬሽና ናት። እሷ እንደ ወጉ ከመጋረጃው በስተጀርባ ነበረች። ለዘርጉን መመለሻ ብላ ያደለበችውን በግ ለእንግዳው አሳረደች። ሩዙና ሥጋው ቀረበ። እንግዳው ግን እያገላበጠ ከማየት በቀር አልጎረሰም። ሄል የገባበት አረንጓዴ ሻይ ሲቀዳለት ቀና ብሎ፣ ላላን እንደ አጎት ጠርቶ፣ "ካካ፣ ልጆች አሉዎት?" አለ።

"አንድ አለኝ!" አለ ላላ። "ማዛር ነው። እንደ እኔው ጠጋኝ ነው፤ እንዲያውም እጁ ከእኔ ይበልጣል። ለበዓል ይመጣል።"

ቱርያለይ ፊቱን ስኒው ላይ ደፋ። ከዚያ "እጁን አውቀዋለሁ" አለ።

ላላ ሻዩን ቀዳ፣ ቀዳ፣ እስኪፈስ ቀዳ። ከዚያ ስለ ዘንድሮው ዘቢብ መወደድ ማውራት ጀመረ።

ብሬሽና ላላን ወደ ማዕድ ቤት ጠርታ ክንዱን ያዘችው።

"የዘርጉን አባት፣ ጠይቀው! እንድትጠይቀው እየጠበቀ ነው።"

"እንግዳ ነው፣ አይጠየቅም።"

"እንግዲያው እኔ ልጠይቀው።"

"ቤቴን ልታዋርጂ ነው?"

"ቤት ምን ያደርግልኛል? ልጄን ነው የምጠይቀው!"

"ቀስ በይ፣ ይሰማል።"

እሷም ክንዱን ለቀቀች። ባሏን በሰው ፊት አዋርዳው አታውቅም ነበር።

ጠዋት ላላ ለሶላት ወጥቶ ሲመለስ እንግዳው የለም። ብርድ ልብሱ በወጉ ታጥፏል፤ ጥቅሉ ላዩ ላይ ተቀምጧል። ብሬሽና ፈታችው። የዘርጉን መሰርሰሪያ ነበር፤ እጀታው በአያቱ መዳፍ የተላገ፣ ለጉዞው ቀን እሷ ራሷ ያሰረችበት ቀይ ክር ሳይፈታ። ጠጋኝ በሕይወት እያለ መሰርሰሪያውን ከልጁ በቀር ለማንም አይሰጥም።

ላላ በባዶ እግሩ ደጃፌ ላይ ሲያልፍ አየሁት። ጠርቼው አልሰማኝም። የጎረቤት መኪና ለምኜ ደረስኩበትና አብረን ወደ ድንበር ከነፍን። ቶርኸም ስንደርስ የድንበሩ በር ተዘግቷል፤ ማዶ እንደገና ተኩስ ተነሥቷል አሉ። ቱርያለይ ቀድሞን አልፏል።

"ቤቴ ያደረ ልጅ ከተሻገሩት ሰዎች መሐል ነው፣ እባክህ አስጠራልኝ" አለው ላላ ዘበኛውን።

"ስሙ ማነው?"

"ቱርያለይ።"

"ስንቱ ቱርያለይ አለ! የማን ልጅ?"

ላላ ወደ እኔ ዞረ።

"የየት መንደር?"

ራሱን ነቀነቀ።

"ሽማግሌው፣ ቤትህ አሳድረኸው ይህን እንኳ አልጠየቅህም?"

ወጣት ዘበኛ ነው፣ ክፋት የለበትም። ላላ ግን መሬት ላይ ተቀመጠ። ደግፌ መኪናው ውስጥ አስገባሁት። ቁልቁለቱን ጨርሰን ሜዳው ላይ ወጣን።

"ለወጉ ብዬ አይደለም" አለኝ ከዚያ፣ እጆቹን እያየ። "እጁን አውቀዋለሁ ሲለኝ ገብቶኝ ነበር። ፈራሁ። ካልጠየቅሁት እስኪነጋ ድረስ እንኳ ልጅ ይኖረኛል ብዬ ነው።"

መስኮቱን ብቻ ከፈትኩለት። እኔ፣ አፌ የማያርፈው ሰውዬ።

ቤት ስንገባ ብሬሽና መሰርሰሪያውን ታቅፋ ተቀምጣለች። አልጮኸችም። "ልጄ የት ነው የተኛው?" ብቻ አለች። ላላ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። የብርዱን ወራት ሙሉ ያችን አንድ ጥያቄ ስትጠይቀው፣ እሱም ፊቱን ሲያዞር ከረሙ።

በጸደይ ድንበሩ ተከፈተና ሻይ ቤቴ በማዶ ሰዎች ሞላ። እኛ ዘንድ ሴት ሻይ ቤት አትገባም። ብሬሽና ገባች። በመጎናጸፊያዋ ተሸፍና፣ መሰርሰሪያውን በሁለት እጇ ይዛ፣ መሐል ወለሉ ላይ ቆመች። ላላ ከኋላዋ በሩ ላይ ቀረ። ሌላ ጊዜ ቢሆን ሰዉ ያጉረመርም ነበር። ያን ቀን ስኒ እንኳ አልተንቀሳቀሰም።

"ወንድሞቼ፣ ልጄ ሞቶብኛል" አለች። "ሞቱን ይህ ነግሮኛል። የተቀበረበትን የሚያውቅ አለ?"

አንድ ሽማግሌ ሾፌር ስኒውን አስቀምጦ ተነሣ። "በየትኛው መንደር ነበር እህቴ?"

"እሱን ነው የምጠይቃችሁ!"

ሾፌሩ አንገቱን ደፍቶ ቆመ። ያን ጊዜ ላላ ሸምሮዝ ከበሩ ተነሥቶ፣ በሰው መሐል እየተደናቀፈ፣ ጥግ ላይ ወደተቀመጠ አንድ መንገደኛ ሄደና እግሩ ሥር ቁጢጥ አለ። ሰውየው ገና መግባቱ ነበር፤ ሻዩን እንኳ አልቀመሰም።

"ወንድሜ" አለው እያለቀሰ፣ "ከየት መጣህ?"