ሁለት ልጆች አሉ

እትዬ ወለተሰንበት በልደታ ማርያም በር ጧፍ ይሸጣሉ። ያላዩትን ነገር ሲያወሩ መጨረሻው ላይ «አሉ» ሳይሉ አያሳርፉም። «ስኳር ሊጠፋ ነው፣ አሉ።» «ቄሱ ታመዋል፣ አሉ።» ጎረቤታቸው ቦሰና «ዛሬስ ማን ነው ያለው፣ እትዬ?» እያለች ትተርባቸው ነበር።

«ሰዉ ነዋ! እኔ ምን አውቄ» ይሉና ይስቃሉ።

በሰባ ዓመተ ምሕረት ጥቅምት ላይ የቦሰናን ባል፣ ልብስ ሰፊውን ፈቃደን፣ አብዮት ጠባቂዎች ከስፌት መኪናው ላይ አንሥተው ወሰዱት። የቀበሌው ሰው አዳራሽ ሲሰበሰብ ቦሰና ከኋላ ቆመች። ሊቀመንበሩ አምሳሉ ከወረቀት ላይ አነበበ።

«ምስክሯ ተጠየቀች፦ በፈቃደ ቤት ተደብቆ የሚያድር ማን አለ? ምስክሯ መለሰች፦ ሁለት ልጆች አሉ።»

«አሉ»ን አጥብቆ ነው ያነበበው፤ በቤቱ ይገኛሉ እንደማለት። ቦሰና ግን ቃሉ የማን እንደሆነ ወዲያው ገባት። በጆሮዋ የመጣው ላልቶ ነው። ሁለት ልጆች፣ አሉ። ሰው ሲያወራ ሰማሁ፣ ነው ነገሩ።

«የመሰከረችብኝ ትምጣና ዓይኔን እያየች ትናገር» አለ ፈቃደ። ከንፈሩ አብጧል።

«ቃሏ ይኸው እዚህ ነው። እሷ ምን ታደርግልሃለች?»

«ወረቀት ብጠይቀው አይመልስልኝማ፣ ጓድ።»

አንድ ሁለት ሰው ሳቀ። ቦሰና ሹልክ ብላ ወጣች።

እትዬ ወለተሰንበት ጧፍ ሲያስሩ ደረሰችባቸው።

«እትዬ፣ እኛ ቤት ልጆች አይተዋል?»

እጃቸው ቆመ። «የት አይቼ? ሲያፋጥጡኝ የሰማሁትን ነገርኳቸው። አሉ ብያለሁ እኮ፣ ቦሰና።»

«ብለዋል። እነሱ ያነበቡት ሌላ ነው። ይነሡና በአፍዎ ይንገሯቸው።»

መፍራታቸው ፊታቸው ላይ ታየ። ቢሆንም ነጠላቸውን አጣፍተው ተከተሏት።

አዳራሹ ጋ ሲደርሱ ፈቃደን የጫነው መኪና ወደ ሜክሲኮ እየታጠፈ ነበር። አምሳሉ በሩን ይቆልፋል።

«ልጄ፣ እኔ አላየሁም» አሉ እትዬ። «ሁለት ልጆች፣ አሉ፣ ነው ያልኩህ። ሰው ሲል ሰምቼ።»

አምሳሉ ወረቀቱን ከኪሱ አውጥቶ ዘረጋው። ሁለቴ አነበበው።

«ያው ነው፣ እናቴ» አለ። «ቢጻፍ ያው ነው።»

ከዚያ በኋላ የፈቃደ ወሬ በየአቅጣጫው ይመጣ ጀመር። ታስሮ ታይቷል፣ አሉ። ሱዳን ገብቷል፣ አሉ። ኋላ ሁሉም ወደ አንዱ አጋደለ፤ ያን ሰሞን ነው የሞተው፣ አሉ። የዕድሩ ሽማግሌዎች ሊያረዷት መጡ። ቦሰና አስቀመጠቻቸው፤ ጨርሰው እስኪናገሩም ጠበቀች።

«ከእናንተ መካከል ያየ ማን ነው?» አለች።

«ሰምተን ነው» አሉ አንዱ።

«ያየው ሰው ይምጣ። እጠይቀዋለሁ። ምን ለብሶ ነበር፣ ምን አለ፣ እላለሁ። ያኔ አለቅሳለሁ።»

ሽማግሌዎቹ ወጡ። እትዬ ወለተሰንበት በር ሥር እንደተቀመጡ ቀሩ።

«እርስዎስ፣ እትዬ?»

«አላየሁም» አሉ። «የነገረኝ ሰውም አላየም።»

ቦሰና ጥቁር አልለበሰችም። በዓመቱ የሙት ዓመት የሚያወጣለት አልነበረም፤ ስሙም ቤተ ክርስቲያን ከሙታን ጋር ተጠርቶ አያውቅም። የውጭ በር በተንኳኳ ቁጥር እትዬ ወለተሰንበት ከእሷ ቀድመው ብድግ ይላሉ።