በባትሪ ውሃ ያቀጠንኩት ቀይ ቀለም

ይህን ነገር እስከ ዛሬ ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ለእናቴ አልነገርኳትም። ለንስሐ አባቴም አልነገርኳቸውም፤ ለእሳቸው የተናዘዝኩት በጾም እንቁላል መቅመሴንና ታናሽ እህቴን መስደቤን ነው። ትንንሾቹን ኃጢአቶች በጥንቃቄ ለቅሜ አቀረብኩ፤ ትልቁን ደብቄ፣ መስቀል ተሳልሜ፣ ደስ ብሎኝ ወጣሁ። አሁን የዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ነኝ። መምህራኖቼ ትጉና ጨዋ ናት ይሉኛል። እኔ ማን እንደሆንኩ አውቃለሁ፤ እናንተም እወቁ።

እናቴ ደብረ ማርቆስ መናኸሪያ ፊት ለፊት የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት አላት። ዘጠነኛ ክፍል ስገባ የቀለም ፕሪንተሩን ለእኔ ለቀቀችልኝ። የፕሪንተሩ ካርትሬጅ ባለቀ ቁጥር አዲስ መግዛት ያማርራት ስለነበር፣ ያለቀውን መልሼ መሙላት ተማርኩ። ከአዲስ አበባ በጠርሙስ የሚመጣውን ርካሽ ቀለም በሲሪንጅ ስቤ፣ በካርትሬጁ ቀዳዳ ቀስ አድርጌ እወጋለሁ። ይህ በራሱ ኃጢአት አይደለም። ብዙ ሰው ያደርገዋል፤ በደንብ ከተሠራም ጥሩ ያትማል። ይህን የምለው ጥፋቴ በቀለሙ እንዳይሳበብ ነው።

ጎረቤታችን ጋሽ አያሌው፣ ፀጉር አስተካካዩ፣ ሲሪንጅ ይዤ ባዩኝ ቁጥር ከደጃቸው ሆነው ይጮኹ ነበር።

«ሲስተር! ወገቤን አሞኛል፤ እኔንም ውጊኝ እንጂ!»

«ይተዋት ጋሼ፤ ቤቴን ያቆመችው እሷ ናት» ትላለች እናቴ እየሳቀች።

ያቺ ቃል ጣመችኝ። ደግማ እንድትላት ምን ያላደረግኩት አለ? ጠርሙሱ እንዲበረክት ብዬ ቀዩን ቀለም ከጋራዥ በገዛሁት የባትሪ ውሃ፣ የመኪና ባትሪ በሚሞላበት የተጣራ ውሃ፣ ማቅጠን ጀመርኩ። ጥቁሩን አልነካሁትም፤ ጥቁር ከደበዘዘ ደንበኛ እዚያው ይጮኻል። ቀይ ግን የሚታዘዘው ለርዕስና ለልደት ካርድ ነው፤ ትኩሱን ሲያዩት ያምራል፣ ከወራት በኋላ ቢለቅ ማን ተመልሶ ይከሰኛል? አያችሁ ብልጠቴን? እኔ ነኝ ያቀጠንኩት፤ «ኦሪጅናል ነው» እያልኩ የሸጥኩትም እኔ ነኝ። የሚያምኑኝን ሰዎች ደግሞ በልቤ እንቃቸው ነበር። እንዲህ ያለች ልጅ ነበርኩ።

የኔታ ጥበቡ የመጡት በዚያው ዓመት ነው። ደብረ ወርቅ ቅኔ የሚያስተምሩ ሽማግሌ ናቸው። ስምንት ዓመት ደክመው ለእመቤታችን የደረሱትን መልክእ፣ በዜማ የሚደርስ የምስጋና ግጥም፣ በደብተር ይዘው መጡ። ቀሪው በጥቁር፣ የማርያም ስም በመጣበት ቦታ ሁሉ ግን እንደ ሥርዓቱ በቀይ ተጽፏል። እንደዚያው አድርጌ እንዳትምላቸው ፈለጉ።

«ልጄ፣ ቀለሙ ደህና ነው? ስሟ እንዳይለቅብኝ።»

«ኦሪጅናል ነው የኔታ። የልጅ ልጅ ያነበዋል።»

ሳልንተባተብ ነው ያልኩት። የታተመውን ሲያዩ ስሟን በጣታቸው ሳይነኩ፣ ከላይ ከላይ እያሳለፉ ቆጠሩት። እኔ የቸኮልኩት ቀጣዩን ደንበኛ ለማስተናገድ ነበር።

ከዓመት በላይ ቆይተው ተመለሱ። ገጾቹን ጠረጴዛዬ ላይ ዘረጉ። መልክኡ በየወሩ በሃያ አንድ ሲዜም ቆይቷል፤ በቀረው ጊዜ መስኮት ሥር አትሮንስ ላይ ተዘርግቶ ይቀመጣል። ጥቁሩ ፊደል ቁልጭ ብሎ አለ። ቀዩ ግን ጠፍቷል። «ኦ» ይላል ጽሑፉ፤ ከዚያ ባዶ ነው። ቀጣዩም አርኬ፣ ቀጣዩ የግጥሙ አንጓ፣ «ኦ» ይላል፤ ባዶ። ስሟ በነበረበት ሁሉ ነጭ ወረቀት ብቻ።

«ኦሪጅናል ነው ብለሽኝ ነበር» አሉ፤ ሊከሱኝ ሳይሆን ሊያረጋግጡ።

«አዎ የኔታ።»

«ጥቁሩም ያንቺው ማሽን ያተመው ነው። እሱ አልለቀቀም። የሄደው የእርሷ ስም ብቻ ነው።» ድምፃቸው ዝቅ አለ። «እስኪ እውነቱን ንገሪኝ ልጄ። ቀለሙ ነው ወይስ እኔ?»

አንድ ቃል ነበር የሚፈልጉት። «ቀለሙ ነው» ብል ያበቃ ነበር። እናቴ ግን አጠገቤ ተቀምጣለች፤ ሁለት ደንበኞችም ቆመው ይሰማሉ። ቤቷን ያቆመች ልጅ አጭበርባሪ ተብላ ልትታይ? እና ምን አልኩ መሰላችሁ?

«እግዚአብሔር ያውቃል፣ የኔታ።»

ውሸቴን በእግዚአብሔር ስም ሸፈንኩት። እናቴ ደንግጣ አማተበች። እሳቸው ገጾቹን አንድ በአንድ ሰበሰቡ፤ «ትምህርትሽን ይግለጥልሽ» ብለው መርቀውኝ ወጡ። ትምህርቱ ተገለጠልኝ፤ እነሆ ዩኒቨርሲቲ ገብቻለሁ። ከዚህ የበለጠ የሚያስጠላ ነገር ሰምታችሁ ታውቃላችሁ?

የሆነውን በኋላ የነገረን ፎቶ ኮፒ ሊያስነሳ የመጣ ዲያቆን ነው፤ የእሳቸው ተማሪ ነበር። የኔታ መልክኡ ዳግመኛ እንዳይዜም ከልክለዋል። «ስሟ የሸሸው እጅ አያስተምርም» ብለው ጉባኤያቸውን አጥፈዋል፤ ተማሪዎቹ ተበትነዋል። ቀን ከቀን ይሰግዳሉ። «ከልጅነታቸው ጀምሮ ያደረጉትን ሁሉ እያስታወሱ ኃጢአታቸውን ይፈልጋሉ» አለን ዲያቆኑ፤ «አላገኙትም።» እናቴ ከንፈሯን መጠጠች። እኔ ኮፒውን አስተካክዬ ሰጠሁት።

ልጅ ነበርኩ ልበል? ውሃና ቀለም ለክቶ ለመቀላቀል፣ የትኛው ቀለም እንደሚያስጠይቅ አስቦ ለመምረጥ ልጅ አልነበርኩም። እናቴን ለመርዳት ነው ልበል? እናቴ አቅጥኚው አላለችኝም። ፈራሁ ልበል? ያን ቀን ፈርቻለሁ፤ ከዚያ በኋላ ያሉትን ዓመታት ሁሉ ምን ልበላቸው?

ወደ ደብረ ወርቅ የሚሄደው ሚኒባስ ከቤታችን ደጅ ማዶ ይሞላል። በየእረፍቱ ወደ ቤት ስመለስ ረዳቱ «ደብረ ወርቅ! የሞላ፣ የቀረው አንድ ሰው!» እያለ ሲጠራ እሰማለሁ። አንድም ቀን አልተሳፈርኩም። ለእናንተ መጻፉ ቀሎኛል፤ አታውቁኝምና። ስለዚህ ማሩኝ አልላችሁም፤ የበደልኩት እናንተን አይደለም። የኔታ ዛሬም ኃጢአታቸውን እየፈለጉ ነው። እሳቸው ዘንድ የለም፤ እኔ ዘንድ ነው ያለው፤ እኔም አልወሰድኩላቸውም።