የንስሩ ሌላ ግማሽ

የያዙኝ ትምህርት ቤቱ በር ላይ ነው። በብብቴ አንድ ጥቅል ወረቀት ይዤ ነበር፤ ለዘጠነኛ ክፍል ታሪክ ላስተምርበት የሳልኩት። ጠዋት ቢሆንም የፒክአፑ ወንበር ያቃጥል ነበር። አዳማ እንዲህ ናት።

የታሰርኩባት ክፍል አራት እርምጃ በሦስት ናት። ግድግዳው ያልበዋል። ቀድመውኝ የገቡ አንድ ሽማግሌ ነበሩ፤ ወንጂ ሸንኮራ ሲቆርጡ ያረጁ፣ ጣቶቻቸው የማይዘረጉ። ሥራዬን ጠየቁኝ። ከዚያ ወዲያ «ባርሲሳ» ነው የሚሉኝ፤ በኦሮምኛ መምህር ማለት ነው።

ሥዕሉን ላስረዳ። ከሰሜን ባሕር ዳርቻ፣ ፍሪስላንድ ከሚባል ረግረጋማ አገር የተነሣ የአንድ ባላባት ቤተሰብ ጋሻ ነው። በአውሮፓ የባላባት ቤት ጋሻ ላይ በሚሳል ምልክት ይታወቅ ነበር፤ ምልክቱም ከአባት ወደ ልጅ ይወረሳል። የዚህ ቤተሰብ ልጆች በየአገሩ ተበትነው ቋንቋቸውን ሲረሱ እንኳ ጋሻውን አልጣሉትም። ጋሻው ቁልቁል ለሁለት የተከፈለ ነው። በአንዱ ወገን ከራስ እስከ ጅራት የተሰነጠቀ ጥቁር ንስር አለ፤ አንድ ክንፍ፣ አንድ እግር። በሌላው ወገን ማገጥ ከሚባለው የመስክ ሣር ሦስት ቅጠል። ንስሩ የንጉሠ ነገሥቱ ምልክት ነው። የፍሪስላንድ ሰዎች ከእሱ በቀር ጌታ የለብንም ይሉ ነበር።

መርማሪው ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋው።

«ሌላው ግማሽ ማን ጋ ነው?»

«የለም። ሲሳልም ግማሽ ነው።»

«ግማሽ ወፍ ይበራል እንዴ፣ መምህር?»

ለካ ሥዕሉን የቡድን መተዋወቂያ አድርጎ ነው ያየው፤ ግማሹ እኔ ጋ፣ ግማሹ ግብረ አበሬ ጋ። አስረዳሁት፤ ጥፋቴም ይኸው ነው። ከባሕሩ ጀመርኩ። «ጌታ የለብንም» የሚለው ላይ ስደርስ እስክሪብቶውን አነሣ። ካወራሁት ሁሉ እሱን ብቻ ጻፈ።

በየቀኑ ያንኑ ይጠይቀኛል፦ «ግማሹስ?» ኮቴው ኮሪደሩ ላይ ሲሰማ ሽማግሌው «ግማሹ መጣ» ማለት ጀመሩ።

በሦስተኛው ቀን አምስት መስመር የተሰመረበት ወረቀት ሰጠኝ።

«ስም ሙላበት። አለዚያ ያንን የጂኦግራፊ መምህር ጓደኛህን ነገ አመጣዋለሁ።»

ጓደኛዬ ቀለም ከማዋስ በቀር ያደረገው ነገር የለም። ሚስቱ ልትወልድ ተቃርባለች።

ለሽማግሌው ነገርኳቸው።

«ስም ነው የፈለጉት? የአባቶችህን ስጣቸዋ። እስከ ስንት ትቆጥራለህ?»

«እስከ አምስት።»

«ምን ዓይነት ባርሲሳ ነህ! የፈረንጅ ዘር ስትቆጥር ውለህ የራስህ አምስት?»

አባቴና አያቴ መታወቂያዬ ላይ ስላሉ ያስነቁብኛል። ሦስት ቀረኝ።

«ሁለቱን ከእኔ ውሰድ» አሉ። «ሙታን ናቸው። ማንም አያንገላታቸውም።»

አምስቱን በጥሩ የእጅ ጽሑፍ ጻፍኳቸው፤ የእኔም የእሳቸውም አባቶች በአንድ ገጽ ላይ። መርማሪው አንብቦ ፊቱ በራ።

«የት ነው ያሉት?»

«ከመሬት በታች።»

«ኅቡዕ ናቸዋ!»

«አዎ፣ ጌታዬ። በጣም።»

ስሞቹን ለማጣራት አራት ቀን ፈጀባቸው። በዚያ መሃል ጓደኛዬ ሚስቱን ይዞ ሻሸመኔ፣ ወላጆቿ ዘንድ ገባ። በአምስተኛው ቀን ከአያቴ ቀበሌ መልስ መጣ፤ ባልደረቦቹ ሲስቁ እስከ ክፍላችን ተሰማ። ከዚያ እሱ መጣ። ግራ ጆሮዬ የዚያን ቀን ቀረ። ዛሬም በግራ በኩል የሚቀመጡ ተማሪዎቼን ጮክ በሉ እላለሁ፤ ምክንያቱን ግን አላስረዳቸውም።

ከመፈታቴ በፊት ጠባቂዎቹም «ግማሹ» ይሉት ጀመር፤ መጀመሪያ ከኋላው፣ በኋላ ፊት ለፊት። ስሙ ከግቢው ሲወጣ ለማየት ግን ከተፈታሁም በኋላ ብዙ ጠበቅኩ።

ባለፈው ወር አዳማ መናኸሪያ አጠገብ አየሁት። ሸብቷል። አንድ የባጃጅ ሾፌር ጮኸ፦

«ግማሹ! ና ግባ፣ ሁለት ሰው ነው የቀረኝ!»

ዞር አለ። ወደደም ጠላም፣ ስሙ ነውና ዞር አለ። ሾፌሩ ማን እንዳወጣለት አያውቅም። ልቤ ውስጥ የሆነ ነገር ተቀምጦ አረፈ።

ከኋላው ወጣት ሴት ነበረች፤ ዓይኗ የእሱ ነው።

«የግማሹ ልጅ፣ አንቺም ጠጋ በይ!» አላት ሾፌሩ። አንገቷን ደፍታ ገባች።

ምልክት ከአባት ወደ ልጅ ይወረሳል ብያለሁ። ለእሷ ማዘን እንዳለብኝ አውቃለሁ። እስካሁን አልሆነልኝም። ባጃጁ እስኪርቅ ቀኝ ጆሮዬን ወደነሱ አዙሬ ቆምኩ፤ ደግሞ ይጠሩት እንደሆነ ብዬ።