ፈንዲሻ በኑግ ዘይት፣ ፈንዲሻ በቅቤ

ከደሴ የወጣሁት ሲመሽ፣ ሽንኩርት በጫነ አይሱዙ ጀርባ ላይ ተቀምጬ ነው። የያዝኩት የሦስተኛ ዲግሪ ማስረጃዬን፣ አንድ ጋቢና አንድ ጣሳ ንጥር ቅቤ ነበር። እናቴ ከደጃፍ አልወጣችም። «ቤቴን ለማን ትቼ?» ብላ በሩን ዘጋችው፤ ስንብታችን ይኸው ነው። እስከ ኮምቦልቻ መውረጃ ድረስ ወደ ኋላ እያየሁ ሄድኩ፤ ከዚያ አንገቴን ሲያመኝ ተውኩት። ይህን የምጽፈው እዚያ ለቀራችሁና እንደ እኔ በየአከራዩ ግቢ ለተበተናችሁ ነውና አላስጌጠውም።

ጉለሌ እንደ ደረስኩ መታወቂያ ለማውጣት ወደ አንድ ጽሕፈት ቤት ሄድኩ።

«መሸኛ?» አለ ጸሐፊው ቀና ሳይል።

«የሸኘኝ መድፍ ነው፤ ማኅተም አልያዘም።»

«እህቴ፣ ያለ ማኅተም አይቻልም። ተመልሰሽ አጽፈሽ ነይ።»

«መንገዱ ተዘግቷል።»

«ሲከፈት ነያ!»

ያለው ከልቡ ነበር። ለዚህ ቅንነቱ እስከ ዛሬ ይቅር አላልኩትም።

መታወቂያ ለሌለው ሰው ቤት የሚያከራይ የለም። ቀጨኔ ውስጥ፣ ዝናብ ሲጥል ቁልቁል ወንዝ በሚሆን መንገድ ዳር አንዲት ክፍል የሰጡኝ እትዬ አሰለፈች ብቻ ናቸው። ባላቸው የሞቱባቸው፣ ጾም የማያፈርሱ፣ ምላሳቸውን ግን የማያስጾሙ ሴት ናቸው።

«ዶክተር ነኝ ካልሽ እስቲ ወገቤን እዪልኝ።»

«ሐኪም አይደለሁም፣ እትዬ። የተማርኩት የቅባትና የዘይት ኬሚስትሪ ነው።»

«ቅባት ደግሞ ይማሩታል? እኛ ዝም ብለን አይደል የምንበላው!»

ደንባቸውን ቆመው ነገሩኝ። እንግዳ አያድርም፤ ልብስ ቅዳሜ ብቻ ይታጠባል፤ በጾም ቀን ከክፍሌ የቅቤ ሽታ ከወጣ ቤቱን እለቃለሁ። ተስማማሁ። ደሴ በር ሲንኳኳ «ግቡ» ይባላል፤ እዚህ «ማነው?» ይባላል። የደሴ ጉም ሰውን ያለብሳል፤ የእንጦጦ ብርድ ግን አጥንት ቆጥሮ ይገባል። ሁሉንም ለመድኩት፤ አልወደድኩትም።

ሥራ ያገኘሁት በአንድ ዘይት ማሸጊያ፣ በጥራት ተቆጣጣሪነት ነው። ደሴ አስተምርበት የነበረው የዩኒቨርሲቲ ቤተ ሙከራ ተዘርፏል። ስለዚህ በየምሽቱ በአንዲት ቡታጋዝ ላይ ፈንዲሻ ማፈንዳት ጀመርኩ፤ ፈንዲሻ ስለ ቅባትና ስለ እሳት አይዋሽምና። ያልተነጠረ ቅቤ ውኃና አጓት ስላለበት በቆሎው ሳይፈነዳ ያርራል። የተነጠረው እሳት ይችላል። የሚረጋው የፓልም ዘይት በደንብ ያፈነዳል፤ ሲቀዘቅዝ ግን ላንቃ ላይ እንደ ሻማ ይጣበቃል። የኑግ ዘይት ቶሎ ይጤሳል፤ እሳቱን ለቀነሰለት ግን ጣዕሙን የሚያህል የለም። ስስ የአሉሚኒየም ድስት መሐሉን ያቃጥላል፤ ወፍራም ብረት ድስት ዘግይቶ ይሞቅና ሙቀቱን ለሁሉም ፍሬ እኩል ያድላል። ክዳኑ ጥቂት ገርበብ ካላለ እንፋሎቱ ተመልሶ ፈንዲሻውን ጎማ ያደርገዋል።

ድስቶቼ ሁለት ናቸው፤ አንዱ ለቅቤ፣ አንዱ ለዘይት። በእኛ በወሎ በብዙ ሙስሊም ቤት ለሚጾም ጎረቤት የሚቀመጥ፣ ቅቤ ያልነካው ድስት አለ። እናቴ የጎረቤቶቿን ጾም ከረመዳን ባላነሰ ጥንቃቄ ትቆጥረዋለች። ሁለተኛውን ድስት የገዛሁት ማንም ሳያዘኝ ነው።

አንድ ዓርብ ምሽት የኑግ ዘይት በኮሰረትና በኮረሪማ አፍልቼና አጥልዬ፣ በእሱ አፈነዳሁ። የክፍሌ በር ሳይንኳኳ ተከፈተ።

«ቅቤ! በዓርብ ምድር! ቃልሽ ይሄ ነው?»

«የኑግ ዘይት ነው፣ እትዬ።»

«እኔ አፍንጫ የለኝም? ወር ሲያልቅ ክፍሌን ልቀቂልኝ!»

ወር ሊያልቅ ጥቂት ቀናት ቀርተውታል፤ ያለ መታወቂያ የምሄድበት ቤት አልነበረኝም። ሆኖም አልለመንኩም። አንድ ብርጭቆ ከቅቤዬ አቅልጬ፣ ሌላ ብርጭቆ ከዘይቴ ሞልቼ በረንዳቸው ላይ አስቀመጥኩና «ጠዋት ይዩት» አልኳቸው።

የቀጨኔ ብርድ ለመጀመሪያ ጊዜ ከእኔ ጋር ወገነ። ጠዋት ቅቤው እንደ ሰም ረግቷል፤ ዘይቱ እንደ ውኃ ይፈስሳል። እትዬ አሰለፈች አንዱን ዘቀዘቁት፣ ሌላውን ዘቀዘቁት፤ ጣታቸውን ነክረው አሸተቱ።

«ታዲያ ለምን ቅቤ ቅቤ ይላል?»

«የሚሸትዎት ቅቤ የሚነጠርበት ኮሰረት ነው። ዕድሜ ልክዎን የቅቤ ሽታ ያሉት አብዛኛው የቅመሙ ነው።»

«ጉድ! ጾም በመጣ ቁጥር ስታገል የኖርኩት ከኮሰረት ጋር ነው በዪኛ!»

ይቅርታ አልጠየቁኝም። ከዚያ የሚበልጥ ነገር አደረጉ፤ በሚቀጥለው ረቡዕ የጽዋ ማኅበር ተራቸው ስለነበር ፈንዲሻውን እንዳፈነዳላቸው አዘዙኝ። በዘይቱ ድስት እየደጋገምኩ ሰፌዱን ሞላሁት። አንዲት አሮጊት አንድ ጭብጥ ወደ አፋቸው አስጠግተው ሽታው ሲደርሳቸው መልሰው ወረወሩት።

«አሰለፈች! በጾም ቅቤ ታበይኛለሽ?»

እትዬ አሰለፈች ተነሡ። «ዶክተር፣ ብርጭቆዎቹን አምጪያቸው!» አሉ። ሁለቱንም በየሰው ፊት እያዞሩ፣ ቅቤ ለምን እንደሚረጋና ኑግ ለምን እንደማይረጋ ከእኔ በሰሙት፣ በጥቂቱም በፈጠሩት አስረዱ። እኔ ተማሪዎቼን እንዲህ አሳምኜ አላውቅም። ሰፌዱ ባዶ ሆነ፤ አሮጊቷ ለቤታቸው ቋጥረው ሄዱ።

«ወር ሲያልቅ ልልቀቅ?» አልኩ ሰፌዱን እያነሣሁ።

«የት አባሽ ትሄጃለሽ? ማኅበሩ የሚቀጥለውንም ባንቺ ላይ ጥሏል!»

አሸነፍኩ። ቃሉን ሆን ብዬ ነው የጻፍኩት፤ ከደሴ ከወጣሁ ወዲህ ያሸነፍኩት ይህን ብቻ ነውና።

በማግስቱ መንገዱ ተከፍቷል ተባለ፤ እናቴም ደወለች።

«ዘሐራዬ፣ አንዲት የተፈናቀለች ልጅ ክፍልሽን ልከራይ አለችኝ። ላከራያት ወይስ ትመጫለሽ?»

«አከራዪያት» አልኩ።

«መጋረጃሽንስ ላወርደው?»

«ተዪላት። ጠዋት ፀሐዩ ዓይን ይመታል።»

ስልኩን እስክትዘጋ ጠበቅኩ። እሷም እኔን ስትጠብቅ ኖሮ፣ መስመሩ ለረጅም ጊዜ ክፍት ቆየ።