እናቴ በጭላዳው ፊት የቆመችበት ቀን

የመጨረሻዋ ልጄ ከትምህርት ቤት ጉብኝት ስትመለስ ሹራቧን አውልቄ አሸተትሁት። ልጆቼ በዚህ ይስቁብኛል፤ «እማዬ እንደ ኬላ ጠባቂ ትፈትሸናለች» ይላሉ። ይሳቁ። እኔ ልጅ ከውጭ ሲገባ እጁን ሳላይ፣ ማን ምን እንደሰጠው ሳልጠይቅ ራት አላቀርብም። ያን ቀን ሹራቡ እርጥብ ብረት፣ የሰነበተ ሥጋና የአውሬ ሽንት ይሸት ነበር። የት እንደወሰዷት ሳትነግረኝ አወቅሁና አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጥሁ። እሷ ስለ አንበሳው ጎፈር ታወራለች፤ እኔ እጅሽን የያዘሽ ማን ነበር እያልሁ እጠይቃለሁ።

ያንን ሽታ መጀመሪያ ያወቅሁት የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ሳለሁ ነው።

አገራችን መንዝ ነው፤ ከሞላሌ ወጣ ብሎ፣ ማሳው አልቆ ገደሉ ከሚጀምርበት አፋፍ ላይ። ጠዋት ጉሙ ሲገፈፍ ጭላዳ ዝንጀሮዎች ከገደሉ እየወጡ ሣሩ ላይ ይቀመጡ ነበር። ገብሱ ዛላ ሲይዝ ማማ ላይ የምውለው እኔ ነበርሁ። ጥበቃ ያስተማረችኝ እናቴ ናት። «ወደ ማሳው የሚያየውን አትፍሪው፤ ጀርባውን የሰጠሽን ጠብቂ» ትለኝ ነበር። እውነቷን ነው። ማሳው የሌለ ይመስል ጀርባውን ሰጥቶ ሣር የሚነጨው፣ የጠባቂው ዓይን ዘወር ሲል መጀመሪያ የሚገባው እሱ ነበር።

እናቴ ጠንቃቃ ሴት ነበረች። እሳቱን ሳታዳፍን አትተኛም። ውሻ ባለበት ደጅ እኛን ወደ ውስጥ፣ ራሷን ወደ ውጭ አድርጋ ነበር የምታሳልፈን። ከሁሉ ይልቅ የምትፈራው ግን የሐሰት መሐላ ነበር። ገበያ ላይ ሌሎቹ ሴቶች ለአንድ እፍኝ ጨው ታቦት ሲጠሩ እሷ ዕቃዋን ትሸከማለች እንጂ አትምልም። ስለዚህ አንድ ነገር ካለች ሰው ሁሉ ያምናታል።

በዚያ ዓመት ታጨሁ። ከእኔ በፊት ታላቅ እህቴ በልጅነቷ ተድራ ነበር፤ ዓመት ሳይሞላት በቃሬዛ ይዘዋት መጡ፤ ልጁም ከሆዷ አልወጣም። ከዚያ ወዲህ እናቴ የሠርግ ዘፈን በሰማች ቁጥር ተነሥታ ከበጎቹ ጋር ትቆማለች። አባቴ ግን ቃሉን ሰጥቷል። በእኛ ዘንድ በልጅ ጉዳይ የሰጡትን ቃል ማጠፍ ደም ያፋስሳል፤ የሙሽራው ወገኖች ደግሞ ጠመንጃቸው ብዙ ነበር።

መስከረም ላይ እናቴ ዓይኔን አመመኝ አለች። ከተማ ከሚኖሩ ታላቅ እህቷ ዘንድ ሄዳ ትታከም፣ እኔም መንገድ ልምራት ተባለ። አባቴ ሠርጉ ከሚደገስበት ከጥር በፊት እንድንመለስ አስጠንቅቆ ፈቀደ። እኔ ነገሩ አልጣመኝም። ዓይኗ ታሞ ይሆናል፤ ነገር ግን ጨለም ባለው ቤት ውስጥ መርፌ ላይ ክር ስታገባ አይቻታለሁ። ሐኪም ቤት የሚሄድ ሰውስ የልጁን ልብስ አንድ ሳያስቀር ለምን አጥቦ ይሸክፋል? የጎረቤታችን ልጅ ከተማ ትይ ተብላ ሄዳ ከሰው ቤት ገረድ ሆና ቀርታለች። ሴቶቹ ወንዝ ወርደው ልብስ ሲያጥቡ፣ ከተማ ልጅ ይውጣል፣ ይሉ ነበር። እኔንም ሊተዉኝ ነው አልሁ በልቤ። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ የእናቴን መቀነት ጫፍ አልለቀቅሁም።

እስከ ጣርማ በር በእግር፣ ከዚያ በአውቶቡስ ሄድን። ከፊታችን የተቀመጠ ሰውዬ ብርቱካን ሲዘረጋልኝ እናቴ እጁን በቀስታ መለሰችው። ደስ አለኝ። ለሰው ብርቱካን እንኳ አሳልፋ የማትሰጠኝ እናት ለሰው ቤት እንዴት ትሰጠኛለች ብዬ ትንሽ ተጽናናሁ።

አክስቴ ወታደር ባላቸው የሞተባቸው፣ ወፍራምና ሳቂታ ሴት ነበሩ። ቤታቸው አንበሶች ከሚጠበቁበት ግቢ አይርቅም፤ ጎሕ ሲቀድ ማግሳት ይጀምራሉ። ድምፃቸው በጆሮ አይደለም የሚገባው፤ ከተኛሁበት መደብ ወደ ጎኔ ይመጣ ነበር። «አትፍሪ፣ የኛ ሰፈር ዶሮዎች ናቸው» ይሉኛል አክስቴ። ሳቃቸውን አላመንሁትም። የእጄን መዳፍ ገልብጠው አዩ፤ ፊደል ቆጥሬ እንደሆነ ጠየቁ፤ ከኋላዬ ቆመው በክር ትከሻዬን ሲለኩ ደርሼባቸዋለሁ። ገረድ የሚመርጥ ሰው እንዲህ ነው የሚያደርገው ብዬ አሰብሁ። ሁለቱ እህትማማቾች ሲንሾካሾኩ ቆይተው እኔ ስገባ ስለ በርበሬ ያወራሉ። አንድ ጊዜ ብቻ፣ በሩ ጥግ ሆኜ፣ የእናቴን ድምፅ ሰማሁ።

«እትዬ፣ ስማቸውን አይንገሩኝ። ሰፈሩንም አይንገሩኝ።»

ማንን እንደሆነ አልገባኝም። የገባኝ አክስቴ አንድ ነገር እየጎተጎቷት እንደሆነ ነው። ከዚያ በኋላ አክስቴ ሲነሡ እነሣለሁ፣ ሲቀመጡ እቀመጣለሁ። እሳቸውም ሳይገባቸው አልቀረም፤ «ይቺ ልጅሽ እንደ ወንበር ዳኛ ነው የምታየኝ፤ ምን ሰርቄባት ይሆን?» ብለው ይስቃሉ። እናቴ አትስቅም። ሐኪም ቤትም አልሄድንም።

አንድ እሑድ፣ ከቅዳሴ መልስ፣ ወደ አንበሶቹ ግቢ እንሂድ አሉ። አክስቴ የሰፉልኝን አዲስ ቀሚስ አለበሱኝ። እናቴ እንደ አገሯ ከጥቁር በግ ጠጉር የተሠራ ባናዋን ደርባለች። በሩ ላይ የቆሙ ጎረምሶች አይተው «እማማ፣ ባናዎን ያውልቁ፤ አንበሳው በግ መስለውት እንዳይበላዎት» አሏት። አክስቴ ዘወር ብለው፣ «በግስ ጠጉር አላት፤ እናንተ ምን አላችሁ?» ብለው መለሱላቸው። ሌላ ቀን ቢሆን እስቅ ነበር።

ግቢው ውስጥ ባሕር ዛፉ ጥላውን በብረቶቹ ላይ ጥሎ ነበር። አንበሳው ተኝቷል። ጎፈሩ ላይ ዝንብ ይርመሰመሳል። እንደሚያስፈራኝ ጠብቄ ነበር፤ እሱ ግን አላየንም፤ ከኋላችን ያለ ሩቅ ነገር ነበር የሚያየው። እኔም ዞሬ ያየውን ለማየት ሞከርሁ፤ ከአጥሩ በቀር ምንም የለም። አክስቴ ከረሜላ ገዝተው ሰጡኝ። ተቀብዬ ሳልበላው ጨብጬ ያዝሁት። እኛ አገር ግልገል ከእናቷ ሲለዩ ጨው እያስላሱ ነው፤ ያንን አውቅ ነበር። ከረሜላው በመዳፌ ውስጥ ሟሟ።

ከዳር ባለችው ጠባብ ቤት ውስጥ ብቻውን የተቀመጠ ጭላዳ ስናይ እናቴ ቆመች። ደረቱ ላይ ያለው ቀይ ምልክት እንደኛዎቹ ነው፤ ጠጉሩ ግን ሳስቷል። ወለሉ ሲሚንቶ ስለሆነ የሚነጨው ሣር የለውም፤ ጣቶቹ ግን ባዶውን ሲሚንቶ ይነጫሉ።

«አንተን ደግሞ ማን አመጣህ?» አለችው እናቴ።

መጥረጊያ የያዘው ጠባቂ ሰማና «እሜቴ፣ ያውቁታል እንዴ?» አላት።

«እንዴት አላውቀው፣ ገብሴን በልቶ ያደገ!»

«እንግዲያው ተገኝቷል፣ ካሣዎን ይቀበሉት» አላት። እናቴ ሳቀች። ከመንዝ ከወጣን ወዲህ ስትስቅ የሰማኋት ያኔ ነው። ሳቋን ስሰማ ልቤ ትንሽ ተፈታ። ከዚያም ሳቋ ሳያልቅ እጇን ወደ መቀነቷ ሰድዳ ጣቶቼን አንድ በአንድ አላቀቀቻቸው።

«የአንበሳ ደቦሎች አሉ አሉ። ከአክስትሽ ጋር ሂጂና እዪ። እኔ ይህን ያገሬን ሰው ልየው» አለችኝ።

አሁን ሳስበው ያልገባኝ ነገር አልነበረም ማለት ይቻላል። ግን የምጠረጥረው አክስቴን ነበር። እሳቸው ከእናቴ ርቀው ከእኔ ጋር ከሆኑ ሊጎተጉቷት አይችሉም፤ እኔም ከዓይኔ አላጣቸውም ብዬ ቆጠርሁ። ስለዚህ የአክስቴን እጅ ጥብቅ አድርጌ ያዝሁ። ልጅ ይዘው የሚሄዱ እሳቸው ሳይሆኑ፣ ሌባ ይዤ የምሄድ እኔ ነበርሁ። መዳፋቸው ላብ በላብ ነበር።

ጥቂት ሄደን ዞር ብዬ አየሁ። እናቴ ወደ ጭላዳው ዞራ፣ ጀርባዋን ሰጥታ ቆማለች። ጥቁሩ ባና በፀሐዩ ላይ ጢስ ይመስላል። ማማ ላይ ሆኜ እንዲህ የቆመ ጭላዳ ባይ ኖሮ ወንጭፌን አነሣ ነበር። የገዛ እናቴ ስለሆነች ግን አልጠረጠርሁም።

አክስቴ ደቦሎቹ ወዲያ ናቸው እያሉ ሥጋ በሚገባበት በኋላው በር አወጡኝ። ውጭው መንገድ ነው። ታክሲ ቆሞ ይጠብቃል። እጃቸውን ነከስሁ፤ አልለቀቁኝም፤ አልተቆጡኝምም። ሳቂታዋ አክስቴ ያለቅሱ ነበር። እናቴ ትጠፋለች፣ ከተማውን አታውቀውም ብዬ ስጮኽ፣

«እናትሽ አትጠፋም፣ ልጄ። የጠፋሽው አንቺ ነሽ» አሉኝ።

የወሰዱኝ ከተማው ማዶ፣ ልጅ ከሌላቸው ባልና ሚስት ዘንድ ነው። ባልየው አስተማሪ ነበሩ። ገረድ አድርገው ነው ያስቀሩኝ ብዬ ሳልታዘዝ ተነሥቼ ቤት መጥረግ ጀመርሁ። ሴትዮዋ መጥረጊያውን ከእጄ ወስደው ደብተር ሰጡኝ። ደብተሩንም ብዙ ጊዜ በጥርጣሬ ነው ያየሁት። ጥርጣሬውን የተውሁት አምስተኛ ክፍል ደርሼ ነው፤ ይህን የምጽፈው በዚያው በተማርሁት ነው።

ነገሩን አክስቴ ያስረዱኝ ቆይተው፣ ከፍ ስል ነው። ሁለቱ እህትማማቾች ቤተ ክርስቲያን ግቢ ተቀምጠው አንድ ላይ መክረውበታል። አባቴ ቃሉን ካጠፈ ደም ነው፤ እናቴ ደብቃኝ ከተገኘች ደም ነው። ልጅቷ ከጠፋች ግን ማንም ቃሉን አላጠፈም። የቀረው መሐላ ነበር፤ የሙሽራው ወገኖች እንደሚያስምሏት እናቴ ታውቃለች። በሐሰት አትምልም። ስለዚህ እውነት የሆነ ቀን ሠራችለት።

በሽማግሌዎች ፊት፣ ቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ አቁመው አስማሏት። ያለችውን አክስቴ ቃል በቃል ነገሩኝ። «ጀርባዬን ሰጥቼ አውሬ ሳይ ነበር። ስዞር ልጄ ከቆመችበት የለችም። ዛሬ የት እንዳለች፣ በማን ቤት እንዳለች አላውቅም።» አንዱም ሐሰት አልነበረም። አባቴ ከተማ ድረስ መጥቶ ሲፈልገኝ የማሉለት ደግሞ አክስቴ ናቸው። «የኔ ነፍስ ከተማ ኖራ መሐላ ለምዳለች፤ ንስሐውን እኔ እገባለሁ» ብለዋት ነበር አሉ፤ እሱንም እየሳቁ ነው የነገሩኝ።

አገር ቤት ግን «ልጇን ለአውሬ ጥላ የመጣች» ተባለች። እሷ ሕፃን ስታቅፍ እናቲቱ መጥታ ትቀበላታለች። ውሻ ባለበት ደጅ እኛን ወደ ውስጥ አድርጋ የምታሳልፍ የነበረችው እናቴ፣ ልጅ የማይታመናት ሴት ሆና ዓመታት ኖረች። እኔም በሕይወት መኖሬን እንጂ የት እንደምኖር ሳታውቅ ኖረች፤ ማወቅ እየቻለች አልጠየቀችም።

እኔ ዛሬ እናት ነኝ። እችለው ነበር ወይ ብዬ ራሴን እጠይቃለሁ፤ አልችልም። አንድ ነገር ደግሞ እስከ ዛሬ ያጠራጥረኛል። ያን ቀን ከኋላው በር ስወጣ ዞር ብላ አይታኝ ይሆን? አይታኝ ከሆነ መሐላዋ ሐሰት ነው፤ ያንን የምትፈራውን ነገር ለእኔ ስትል አድርጋዋለች። ካላየችኝ ደግሞ ያን ሁሉ ጊዜ ሳትዞር ቆማ ነበር ማለት ነው። የትኛው እንደሚብስ አላውቅም። አልጠየቅኋትም፤ አሁን ደግሞ የምትጠየቅ የለችም።

ሙሽራው ሌላ አግብቶ፣ አባቴም አፈር ከለበሰ በኋላ፣ አክስቴ ይዘዋት እኔ ዘንድ መጡ። እኔ ቁመቷን አልፌያታለሁ። እጄን ይዛ መዳፌን ስትዳስስ፣ ጥፍሬን ስታይ ሰነበተች። አገሯ ልትመለስ አውቶቡስ ተራ ስሸኛት፣ ተሰነባብተን፣ እናቴ አልዞረችም። ከታቦት ፊት እንደሚወጣ ሰው ፊቷን ወደ እኔ አድርጋ ወደ ኋላዋ መሄድ ጀመረች። ሸክም ካዘለ ኩሊ ጋር ተጋጨችና «ሴትዮ፣ አያዩም እንዴ?» ብሎ ተቆጣት። ይቅርታ አለችው፤ ግን ዓይኗን ከእኔ ላይ አላነሣችም። ባናዋ መሬት እየነካ፣ ሰው እየገፋት፣ የአውቶቡሱን ደረጃ በተረከዟ እየፈለገች ተሳፈረች። ከዚያም በኋላ በተለያየን ቁጥር እንዲሁ ነበር የምትሄደው።