በዋርካው መሻገሪያ ያረፉት ስድስቱ

እህተ ማርያም ከቋሪት ገበዝ ማርያም ተነሥታ ወደ ብር ወንዝ የወረደችው በ1933 ዓ.ም. መጋቢት ላይ ነው። ጣሊያን ቡሬን ለቆ ከወጣ ወር አልሞላውም ነበር። ሠላሳ አምስት ዓመቷ ነው፤ ቀጠን ያለች፣ ነገር የማታበዛ፣ በእግር መንገድ ግን ወንድ የማይቀድማት ሴት ነበረች። በጀርባዋ የተሸከመችው በሶ የተቋጠረበት ስልቻና አዲስ አቡጀዲ ነው። በአቡጀዲው የወንድሟን አፅም ጠቅልላ ልትመለስ ነው።

ወንድሟ ዳኘው በ1930 መስከረም፣ ጎጃም በጣሊያን ላይ በተነሣበት ሰሞን፣ ከአርበኞች ጋር ወደ ቆላ ወርዶ በዚያው ቀርቷል። ከጓደኞቹ አንዱ በወሩ መጥቶ፣ «ብር ወንዝ፣ ዋርካው መሻገሪያ ላይ ወደቀ» ብሎ አረዳቸው። ለቅሶው ያለ ሬሳ ተለቀሰ። ሄዶ ማየት አይቻልም፤ በየመንገዱ ባንዳ ቆሟል፤ የአርበኛ መቃብር ወዴት ነው ብሎ የጠየቀ የራሱን መቃብር እንደጠየቀ ይቆጠር ነበር። እናታቸው ወይዘሮ ሀብትነሽም ልጄን ቀበርሁ አይሉ፣ ልጄ ይመጣል አይሉ፣ እንዲሁ መሀል ላይ ተቀምጠው ሦስት ዓመት ተኩል ቆዩ። መንገድ ተከፈተ ሲባል የተናገሩት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «ሳልሞት አምጪልኝ። ከአባቱ አጠገብ ይረፍ።»

ባሏ ተስፋው አብሬሽ ልውረድ ቢላት፣ «በሬዎቹን ማን ያያል?» ብላ አስቀረችው። አንድ ሌሊት ዘመድ ቤት አድራ በማግሥቱ ረፋድ ላይ ከጣሊያን ምሽግ ደረሰች። ኮረብታው ላይ ማንም የለም። የድንጋዩ ካብ እንዳለ ነው፤ ውስጡ ግን ባዶ ቆርቆሮና የተቀደደ የአሸዋ ከረጢት ብቻ። ሁለት ገበሬዎች የእሾህ ሽቦውን እየነቀሉ ይጠቀልላሉ፤ ለበረት አጥር ይሆናል ይላሉ። አንደኛው በካቡ ላይ የተተወውን ቀዳዳ አሳያት። «መትረየሱ አፉን የሚያወጣው በዚህ ነበር» አላት። ጎንበስ ብላ በቀዳዳው አየች። በዚያች ጠባብ ክፍተት ውስጥ የመጣችበት መንገድ በሙሉ፣ እስከ ላይኛው መታጠፊያ ድረስ ይታያል። ቀና ብላ መንገዷን ቀጠለች።

ወንዙ ዘንድ የደረሰችው ፀሐይ ሲያዘቀዝቅ ነው። ብር በመጋቢት ትንሽ ነው፤ ከድንጋይ ወደ ድንጋይ እየተረገጠ ይሻገሩታል። ትልቁ ዋርካ ከዳር ቆሟል፤ ግንዱ ላይ ጥይት የበሳው ቦታ ቅርፊት እየሠራ ነው። ከዋርካው በላይ፣ ጎርፍ ከማይደርስበት ከፍታ ላይ፣ በጥንቃቄ የተደረደረ የድንጋይ ክምር አለ። ዙሪያው በግራር እሾህ ታጥሯል። ከአጥሩ ውስጥ አንዲት አሮጊት ተቀምጠው ሣር ይነቅላሉ።

«እንደምን ዋሉ፣ እናቴ?» አለች እህተ ማርያም።

«እግዚአብሔር ይመስገን። ከወዴት ነሽ ልጄ?»

«ከቋሪት። ወንድሜ እዚህ ወድቋል ብለውኝ ነው የመጣሁት።»

አሮጊቷ የነቀሉትን ሣር አስቀምጠው እጃቸውን አራገፉ። ወለተ ጊዮርጊስ ይባላሉ። ባላቸው ከጦርነቱ በፊት የሞተ፣ ከወንዙ በላይ ያለችውን ቁራጭ መሬት በእኩል እያሳረሱ የሚኖሩ ባልቴት ናቸው። «እኔ ነኝ የቀበርኋቸው» አሉ። «ስድስት ናቸው። ብቻ ልጄ፣ ሁሉም በአንድ ጉድጓድ ነው።»

እህተ ማርያም ጀርባዋ ላይ ያለውን አቡጀዲ በእጇ ዳሰሰች።

ያን ማታ ጎጆአቸው ደጃፍ ተቀምጠው አሮጊቷ የሆነውን ነገሯት። ወንዙ ሞልቶ ነበር። የጣሊያን ወታደሮች ከማዶ ገመድ ወጥረው፣ በርሜል ከሳንቃ ጋር አስረው እንደ ታንኳ ያለ ነገር ሠሩ። አርበኞቹ ቁጥቋጦው ውስጥ ተኝተው ጠበቋቸው። የመጀመሪያው ታንኳ ወዲህ ዳር ነክቶ ሰዎቹ እግራቸው ጭቃ ሲረግጥ ተኩሱ ተከፈተ። ሁለተኛው መሀል ወንዝ ላይ ተገለበጠ። ከዚያ በኋላ የማዶው መትረየስ ዳሩን እንደ ምርት ወቃው። ሳይረፍድ አርበኞቹ ወደ ላይ አፈገፈጉ፤ አምስት ሰዎች ግን ቀሩ። ወታደሮቹም የራሳቸውን ቁስለኞችና ሬሳዎች ሰብስበው አለፉ። አንድ ግን ረስተው ሄዱ፤ ሸምበቆው ውስጥ ወድቆ አላዩትም።

«ጅብ ሳይመጣ ብዬ ከሰሰኛዬ ጋር በዶማ ቆፈርን» አሉ ወለተ ጊዮርጊስ፤ ሰሰኛዬ ያሉት መሬታቸውን በእኩል የሚያርስላቸውን ገበሬ ነው። «ስድስት ጉድጓድ ለመቆፈር ጊዜም ጉልበትም አልነበረንም። ብቻ ፊታቸውን አጠብሁ። እናት ብትመጣ ምን እላታለሁ ብዬ መልካቸውን ያዝሁ። ከዚያ ወዲህ እንዳይጠፋብኝ ከዳዊቱ ቀጥዬ በየቀኑ እደግመዋለሁ።»

«ይንገሩኝ» አለች እህተ ማርያም።

አሮጊቷ ዓይናቸውን ጨፍነው እንደ ጸሎት ጀመሩ። «አንዱ ረጅም ነው፤ የግራ እጁ ትንሿ ጣት ታጥፋ ቀርታለች፤ ብስባት አልዘረጋ አለችኝ። አንዱ ልጅ ነው፤ ጢም የለው፤ የላይ ጥርሱ ፍንጭት ነው። አንዱ ጠና ያለ፣ በራ፣ ኩታው ሁለት ቦታ በጥቁር ክር የተጣፈ። አንዱ ከቀኝ ጆሮው ሥር የእሳት ጠባሳ...»

«የባቄላ ቅጠል የሚያህል» አለች እህተ ማርያም።

አሮጊቷ ዓይናቸውን ገለጡ።

«እኔ ነኝ ያቃጠልሁት» አለች። «ሰባት ዓመቴ ነበር። አዝዬው ስጫወት ምድጃው ዳር ጣልሁት።» ከዚያም ለረጅም ጊዜ አለቀሰች፤ ወለተ ጊዮርጊስም አላባበሏትም፤ አጠገቧ ተቀመጡ። ስታበቃ ብቻ፣ «ፊቱ ተረጋግቶ ነበር» አሏት። «ቶሎ ነው የሞተ።»

ጠዋት ላይ እህተ ማርያም ክምሩ ዘንድ ወጥታ ብዙ ቆየች። ድንጋዩን አንሥታ፣ አፈሩን ቆፍራ፣ የስድስት ሰው አጥንት ለይታ የወንድሟን ማውጣት አይሆንም። ከዚህ የባሰ ደግሞ ሌላ ነገር አሳሰባት፤ የሌሎቹም እናቶች እንደ እናቷ መሀል ላይ ተቀምጠው ይሆናል። ተመልሳ መጣችና፣ «የቀሩትን መልክ እንደገና ያስጠኑኝ» አለቻቸው። ሦስት ቀን ተቀምጣ ቃል በቃል ያዘች። ከዚያ ሽቅብ ወደ ቋሪት በመመለስ ፈንታ ወደ ገበያዎቹ ሄደች።

የማንኩሳ ገበያ ላይ በሬ ሊሸጥ የመጣ ቢሆነኝ የሚባል ገበሬ፣ አንዲት የማያውቃት ሴት ለጨው ሻጮች ስለ አንድ ፍንጭት ልጅ ስታወራ ሰማ። የበሬውን ገመድ እንደያዘ ቀረበና፣ «ፍንጭቱ ከላይ ነው ከታች?» አላት።

«ከላይ፤ መሀል ላይ።»

«ጢም አላበቀለም?»

«አላበቀለም።»

ሰውዬው እዚያው አቧራው ላይ ተቀመጠ። «ክንዱ ነው» አለ። «ታናሽ ወንድሜ ነው። እስካሁን ጣሊያን አገር ወስደውት ይሆናል እያልን ነበር።»

በራውን ሰው ቡሬ ላይ ሚስቱ አወቀችው፤ ኩታውን የጣፈችው እሷው ነበረች፤ ነጭ ክር አልቆባት በጥቁር። ጣተ ቆልማማውን ለማግኘት እህተ ማርያም ከእህል ነጋዴዎች ጋር እስከ ዱርቤቴ ተጓዘች፤ ወሬው ቀድሟት ደርሶ ኖሮ አባቱ ገበያው አፍ ላይ ቆሞ ጠበቃት። የአንዱን ግን ማንም አላወቀላትም። ወለተ ጊዮርጊስ ስለ እሱ ያሉት፣ «መልከ መልካም ነበር፤ ሌላ ምልክት የለውም» ብቻ ነው። በየገበያው «መልከ መልካም» ባለች ቁጥር ልጃቸው የጠፋባቸው እናቶች ሁሉ «የእኔ ነው» እያሉ ያለቅሳሉ። በኋላ ስለ እሱ መጠየቁን ተወችው።

ፋሲካ አልፎ፣ ግንቦት ሲጋመስ፣ ክረምት ሳይገባ ቤተሰቦቹ ሁሉ ጠላና ዳቦ ይዘው ዋርካው ሥር ተሰበሰቡ። ፍትሐቱን የሚያደርሱት የአጥቢያው ካህን ቄስ ክንፈሚካኤል ናቸው። የሙታኑን የክርስትና ስም እየጠየቁ ያዙ። የዳኘው ወልደ ገብርኤል ነው። አራት ስም ተነገራቸው፤ የተቀበሩት ስድስት መሆናቸውን ሲሰሙ፣ «ሁለቱስ?» አሉ።

«አንዱን የሚያውቀው አልተገኘም፤ አንዱ ከማዶ የመጣው ወታደር ነው» አሉ ወለተ ጊዮርጊስ።

ይህን ጊዜ ቢሆነኝ ተነሣ። ፊቱ ተለዋወጠ። «ምን አሉ እናቴ? ወንድሜን ከገደለው ጋር አስተኙብኝ?»

«ማን ማንን እንደገደለ አላየሁም፣ ልጄ። ወንድምህን የሞተ ነው ያገኘሁት።»

«ዛሬውኑ አውጥቼ እወስደዋለሁ። ዶማ ስጡኝ!»

እህተ ማርያም ከፊቱ ቆመች። «ሁለት ቀን ተጉዤ እኔም ላወጣ ነው የመጣሁ» አለችው። «ብታወጣ የማንን አጥንት ይዘህ ትሄዳለህ? የዳኘውን ይዘህብኝ ትሄድ ይሆናል።»

የቢሆነኝ ቁጣ ግን አልበረደም። «እንዲያውስ ለእሱ ፍትሐት ይገባዋል? ክርስቲያን ይሁን አይሁን ማን ያውቃል?»

«ማተብ ነበረው» አሉ ወለተ ጊዮርጊስ። «ማተቡን አይቻለሁ። ደግሞም ሳገኘው ነፍሱ አልወጣም ነበር።» ይህን ለማንም ነግረው አያውቁም። ድምፃቸው ዝቅ አለ። «ሸምበቆው ውስጥ ነበር። ቋንቋው አይገባኝም። ሚስቱን ነው መሰል ደጋግሞ ይጠራል፤ ‹ማይ፣ ማይ› ይላል። ‹ማይ የለችም ልጄ፤ እኔ አለሁልህ› እያልሁ እጁን ይዤ ተቀመጥሁ። እስኪሞት ድረስ ይጠራታል።»

ቄስ ክንፈሚካኤል መስቀላቸውን ጨበጡ። መናገሩ ከብዷቸዋል። «እናቴ» አሉ በመጨረሻ፣ «ማይ በግእዝ ውኃ ነው። ጣሊያን ያዘመታቸው የሐማሴን ልጆችም፣ የትግራይ ሰዎችም ውኃን እንዲሁ ይሏታል። ጠምቶት ኖሯል።»

ወለተ ጊዮርጊስ ወደ ወንዙ ዞሩ። «እዚህ ነበርኮ» አሉ፤ «ክንድ አይርቅም ነበር።» እሳቸው ስድስት ሰው ሲቀብሩ አላለቀሱም ነበር፤ አሁን ግን ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው እንደ ሕፃን ተንሰቀሰቁ። እህተ ማርያም አቅፋ አስቀመጠቻቸው።

ቢሆነኝ ጥቂት ቆሞ አያቸው። ከዚያ አንድ ቅል አንሥቶ ወደ ብር ወረደ፤ ሞልቶ መጣና ከክምሩ ግርጌ አፈሩ ላይ ቀስ ብሎ አፈሰሰው። ባዶውን ቅል አስቀምጦ ከአሮጊቷ ፊት ተንበረከከ። «እጁን ይዘውለት ነበር» አላቸው። «የእኔንም ወንድም ፊት አጥበውልኛል። ይቅር ይበሉኝ።»

ቄስ ክንፈሚካኤል ጉሮሯቸውን ጠረጉና፣ «እነዚህ ሰዎች ከስድስት አገር መጥተው በአንድ ወንዝ ሞቱ» አሉ። «እንግዲህ የአንድ ወንዝ ልጆች ናቸው፤ ማን ይለያቸዋል?» ሽማግሌዎቹ የቃሉ ሰምና ወርቅ ገብቷቸው ራሳቸውን ነቀነቁ። ፍትሐቱ ሲደርስ አራቱ በስማቸው ተጠሩ፤ ስለ ሁለቱ ግን ቄሱ፣ «ስማቸውን አንተ የምታውቃቸው» አሉ።

እህተ ማርያም ወደ ቋሪት ባዶ እጇን ተመለሰች። አቡጀዲውን ለወለተ ጊዮርጊስ ትታላቸው ነበር፤ የለበሱት አልቆ ስለነበር። እናቷ በር ላይ ሲያዩአት እጇን ነው የተመለከቱት። ተቀምጣ ሁሉንም አንድ በአንድ ነገረቻቸው፤ የአሮጊቷን ነገር፣ የጠባሳውን፣ የውኃውን። ወይዘሮ ሀብትነሽ ሰምተው ሲያበቁ፣ «ፊቱን አጥባዋለች አልሽ?» አሉ።

«አጥበውታል።»

«እኔስ ብሆን ከዚህ ሌላ ምን አደርግለት ነበር።»

ያን ክረምት እንደ ልማዳቸው አልታመሙም። ጥቅምት ላይ ዝናቡ ሲያባራ በቅሎ አስጫኑ፤ ሰው ሁሉ ዕድሜዎ አይፈቅድም ቢላቸው አልሰሙም። እህተ ማርያም በቅሎዋን እየሳበች አወረደቻቸው። ወለተ ጊዮርጊስ የእግር ኮቴ ሰምተው ከጎጆአቸው ወጡ። ሁለቱ አሮጊቶች ጉንጭ ለጉንጭ ተሳሳሙ፤ ከዚያ ወይዘሮ ሀብትነሽ ክምሩ ዘንድ በልጃቸው ተደግፈው ወጥተው ድንጋዩን በመዳፋቸው እየዳበሱ ዞሩት።

ስምንት ቀን ተቀመጡ። ጠዋት ጠዋት ሁለቱ አብረው ክረምት ያበቀለውን አረም ይነቅላሉ፤ ሲደክማቸው ዋርካው ሥር ተቀምጠው ስለ ልጅነታቸው፣ ስለ ሞቱት ባሎቻቸው፣ ዘንድሮ ስለሚጠበቀው ጤፍ ያወራሉ። በዘጠነኛው ቀን በቅሎዋ ስትጫን ወለተ ጊዮርጊስ፣ «ለከርሞስ?» ቢሏቸው ወይዘሮ ሀብትነሽ፣ «ካለሁ እወርዳለሁ፤ ከሌለሁ እሷ ትወርዳለች» ብለው ልጃቸውን በአገጫቸው አመለከቱ። እህተ ማርያም የኮርቻውን መወጠሪያ አጠበቀች፤ እናትና ልጅም ፀሐይ ሳይጠነክር ዳገቱን ተያያዙት።